ግራና ላይ ያቋረጥሁብሽ ትምህርት

ለተወደድሽው ባለቤቴ፣ ለአልጋነሽ፤

ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሳምንት አሰብን። ልጃችን ከደሴ መጥታ ነበር፤ እንደ ልማዷ ቤቱን ቆልፌ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ እንቢ አልኋት። ምክንያቱን ብነግራት ሐኪም ዘንድ ትወስደኝ ነበር። የመርሳ ቀትር ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ አስገብቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከጓዳ በኩል ትምህርትሽን ስትለማመጂ እሰማሻለሁ፤ «ናውን፣ ፕሮናውን፣ ቨርብ...» ድምፅሽ አይጣራኝም፣ አይወቅሰኝም፤ ለነገ ክፍለ ጊዜ የሚዘጋጅ መምህር ድምፅ ነው። ተነሥቼ ስገባ ድስቱና ወንፊቱ በየቦታቸው ናቸው። ይህን ድምፅ ለማን ትቼ ደሴ እሄዳለሁ?

የጓሮው ብርቱካን ከሁለቱ አንዱ ደርቋል። ማንጎው ደኅና ነው፤ ዘንድሮ ለጎረቤት ሁሉ ተርፏል። ሐራ ላይ አብረን እንሳፈርበታለን ያልሽው ባቡር ዛሬም አልመጣም። ጎተራው ውስጥ የሸሸግኋቸው መጻሕፍቴ በጦርነቱ ወራት እንዴት እንዳለቁ አንቺው አይተሻል፤ ያላየሽው የተረፈውን ነው። በሰኔ የማሽላውን ጎተራ ሳስጠርግ፣ ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ የማስተማሪያ ደብተርሽ ተገኘ። የእኔን ቅኔዎች ያልጋረደ ጎተራ ያንቺን እንግሊዝኛ ሸሽጎ አኑሮታል።

በሰባ ስምንት ዓመቴ ከዚያ ደብተር ላይ ተማርሁ። በቅኔ ቤት ያደግሁ፣ ዕድሜዬን ወልድያ ላይ አማርኛ ሳስተምር የፈጀሁ፣ የግዕዝን ግስ በቃሌ የምወጣ ሰው፣ የፈረንጁን ሰዋስው እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ገጽ ያዝሁት። ለስም ምሳሌ ያደረግሽው ሲሪንቃን፣ ማሽላንና ትዕግሥትን ነው፤ አንዱ የቦታ፣ አንዱ የሚጨበጥ፣ አንዱ የማይጨበጥ። ለግሱ ማረምን፣ መውቃትን፣ ወፍ መጠበቅን ጽፈሻል። በመስተዋድዱ ገጽ ላይ ወንበርና ብርቱካን ሥለሻል፤ ብርቱካኑ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከወንበሩ ጀርባ ነው። በኅዳጉም፣ «እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ አትቸኩዪ» ብለሽ ራስሽን መክረሻል። ያን ብርቱካን ሳሎናችን ውስጥ ከቦታ ቦታ እያዛወርሽ ስትለማመጂ፣ ጋዜጣ ይዤ እንዴት እሰለች እንደ ነበር አስታወስሁ። አንድ ቀን ልጬ በላሁብሽ። አንቺም ስቀሽ ሌላ አመጣሽ።

ትምህርትሽ ጥሩ ነበር፣ አልጌ። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ዘገየሁ።

የምጽፍልሽም ስለ ግራናው ቀን ነው። በምታስተምሪበት በግራና ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ነበር፤ የክብር እንግዳ ተብዬ ከፊት ወንበር ተቀምጫለሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ቀድደሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ በቀለም የጻፍሽበትን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅለሻል። ከስም ጀምረሽ በዘንግ እየጠቆምሽ ወረድሽ፤ ልጆቹም እየተቀበሉ በአንድ ድምፅ መለሱልሽ። አራተኛው የቃል ክፍል ላይ ስትደርሺ፣ አጠገቤ የተቀመጠው የወረዳ ሹም ጎንበስ ብሎ የዚህ ትርጉሙ ምንድን ነው ሲል ጠየቀኝ። አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለትን ግን ከቅኔ ቤት ይዤ አልወጣሁም። ተነሣሁና ጉባኤው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «የኔ እመቤት፣ ይህ እኮ ሰዋስው አይደለም፤ የገበያ ዝርዝር ነው» አልሁሽ።

ወላጆቹ ሳቁ። ሹሙም ሳቀ። ሳቁ ስለ ጣመኝ ቆሜ ስለ ግዕዝ አገባብ ተናገርሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳልናገር አልቀረሁም። ስጨርስ ጊዜው አልቆ ነበር። አንቺ ዘንግሽን እንደያዝሽ፣ ፈገግታሽንም ሳታጥፊ ቆመሽ ቆየሽኝ፤ ከዚያ ጆንያውን አውርደሽ ጠቀለልሽው።

ወደ መርሳ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የተናገርሽው፤ አቧራው እንዳይገባ መስኮቱን እንድዘጋው ጠየቅሽኝ። ዘጋሁት። በዓመቱ ወደ አንደኛ ክፍል እንዲያዛውሩሽ አመለከትሽ፤ እስከ ጡረታሽም ፊደል አስቆጠርሽ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም፤ መልሱን አውቀው ነበርና።

ከዚህ የከፋውን አንቺ አታውቂውም። ውሎ አድሮ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ መምህርት አልጋነሽ በእንግዶች ፊት ትምህርቷ ጠፍቶባት ደንግጣ እንግሊዝኛን ተወች ይባል ጀመር። ሰምቼ ዝም አልሁ። በለቅሶሽ ድንኳን ውስጥ እንኳ አንድ የሥራ ባልደረባሽ ይህንኑ በኀዘኔታ ሲያወሳ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ገና አፈርሽ ሳይደርቅ፣ አልጌ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

ባለፈው ወር ዘይነብ መጣች። ያኔ ከፊት መደዳ ትቀመጥ የነበረችው ተማሪሽ ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቱ የቀድሞ መምህራኑን ሊያስብ፣ የእያንዳንዳቸውን ታሪክ በተማሪዎች ፊት ሊያስነብብ አስቦ ኖሮ፣ ስላንቺ የተጻፈውን ወረቀት ይዛልኝ መጣች። የጻፈው ያን ቀን ያልነበረ ሰው ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ቃሉ ቢጠፋባትም ተስፋ ሳትቆርጥ» ይላል። ፊደሉን አርሜ ልመልስላት ብዕሬን አነሣሁ። ዘይነብ ዐይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ፣ «አባባ፣ አንቱ ያርሙት ብዬ ነው ያመጣሁት፤ ለሌላ ሰው አላሳየሁትም» አለችኝ።

እርሷ ያን ቀን እዚያው ነበረች። ሁሉን ታውቃለች። ብዕሬን አስቀመጥሁና ራሴ መጥቼ አነበዋለሁ አልኋት።

ግራና ሄድሁ። ግቢው በተማሪና በወላጅ ሞልቶ ነበር፤ ያኔ ከሳቁት ጥቂቶቹ እንደኔው ሸምግለው ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍሁት።

«አልጠፋባትም» አልሁ። «ያቋረጥኋት እኔ ነኝ። ያቋረጥኋትም እኔ ስለማላውቀው ነው።»

ሌላ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ አልወጣልኝም። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው መሬቱን እየቧጨሩ አቀርቅረው ቀሩ።

ዘይነብ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። በሩን እንደያዘች፣ «አባባ፣ እኛ ልጆቹ እኮ አልሳቅንም። እስክትቀጥል እስክሪብቶ ይዘን ስንጠብቃት ነበር» አለችኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከወላጆቹና ከሹሙ በቀር ሌላ ሰው መኖሩን አላስተዋልሁም። አሁን ግን እነዚያ ልጆች ከፊቴ አይጠፉም፤ አንገታቸውን አቅንተው፣ ደብተራቸውን ገልጠው፣ እኔ የምናገረውን ሳይሆን ያንቺን አፍ ያያሉ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ስምሽ በሚነሣበት ሁሉ፣ ሌላው ሳይጀምረው የግራናውን ነገር እኔ እናገራለሁ፤ ለልጃችንም ከዚህ ደብዳቤ ቀጥዬ እጽፍላታለሁ። እስትንፋሴ እስካለች አስታውስሻለሁ፣ አልጌ፤ ከዚያች ቀን ጋር አስታውስሻለሁ።

ባለቤትሽ
መርሳ