ስለ ሸለፈቴ የተጻፈው ደብዳቤ

ሰኞ
ዛሬም ሦስቴ ታጠብኩ። በልብስ ሳሙና። ቀልቷል፤ ስሸና እንባዬ ይመጣል። ሁሉም ነገር የመጣው አብሮኝ የሚኖረው ሰው ወንዝ ዳር ስንታጠብ አይቶኝ፣ አለመገረዜን የእጮኛዬ ቤተሰብ ያለበት ባምባሲ ድረስ ስላወራው ነው። የእጮኛዬ የጫልቱ አባት፣ ኦቦ ገመዳ፣ "ልጁ ሕመምተኛ ነው ይባላል፤ ንጽሕናም የለውም ይባላል" ብለው ልከውብኛል። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነበር። "ነበር" ማለት ከአሁኑ ጀመርኩ።

እናቴን አልወቅሳትም። ታላቅ ወንድሜ በስምንተኛ ቀኑ ተገርዞ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሞተባት። እኔ ስወለድ ምላጭ የያዘ ሰው ደጄን አይረግጥም አለች። ፓዌ ከሰፈርንም በኋላ ሐሳቧን አልቀየረችም። አፈሩ ይቅለላት።

ማክሰኞ
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እንደ ሌባ ዙሪያዬን እያየሁ ገባሁ። ጤና ረዳቱ ጋሽ ይመር አይተው ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ ግን አይደለም። "አንተው ነህ እኮ የላጥኸው! ሳሙናው ነው እንጂ ምን ሕመም አለብህ?"

የሰው ገላ እንደ ፊቱ ይለያያል አሉኝ፤ የአንዱ ሸለፈት ረዘም ይላል፣ የአንዱ ያጥራል። በቀን አንዴ፣ ሳይታገሉ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለስ ማድረግ። በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ማድረቅ። ወደ ቦታው መመለስ። ነጭ ነገር ቢጠራቀምም ከራሱ ከገላ የሚወጣ ነው፣ በውሃ ይለቃል። በቃ። እስከዚህ ዕድሜዬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም!

ከዚያ እኔ ብልጡ ጤነኛ መሆኔን የሚመሰክር ደብዳቤ ጠየቅኩ። ክልሉ አዲስ ነው፤ የምሠራበት ቢሮ ወንበር እንኳ አልተሟላለትም። ማኅተም ግን አለው፣ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስንመታ ነው የምንውለው። ማኅተም የሌለውን ነገር ማን ያምናል? ጋሽ ይመር "ተው" አሉኝ። ለመንኳቸው፣ ጽፈው የጤና ጣቢያውን ማኅተም መቱልኝ። የወንድሜም ነገር እንዲገባበት አደረግኩ። እያፏጨሁ ወጣሁ።

ረቡዕ
ደብዳቤውን ባምባሲ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠሁት፤ ለኦቦ ገመዳ። ቅላቱ ቀንሷል። እራት በላሁ።

ዓርብ
ምነው እጄን በቆረጠው!

ኦቦ ገመዳ አማርኛ አያነቡም። ማኅተሙን ሲያዩ የመንግሥት ጉዳይ መሰላቸው። ጎረቤት ሰበሰቡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ "ጉዳዩ፦ የአመልካቹን የሸለፈት ጤንነት ይመለከታል።" እስከ መጨረሻው አነበበው አሉ። ሴቶቹ ጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ጫልቱም።

የነገረኝ ሾፌሩ ነው። እየሳቀ ጀመረ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ቅዳሜ
ጫልቱ በመጀመሪያው መኪና መጣች። ቃሌን ደርድሬ ጠብቄያት ነበር፦ ጤነኛ ነኝ፣ ቆሻሻ አይደለሁም፣ ጋሽ ይመርን ጠይቂ። ሁሉንም አልኳት።

"እሱንማ ሰማሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል" አለችኝ። "ከተጫጨን ሁለት ዓመት። ወንድም እንደነበረህ አላውቅም ነበር። ለጤና ረዳቱ ነገርክ፣ ለአባቴ በማኅተም ነገርክ። ለእኔ ምነው አፍ አጣህ?"

ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። እንዳትጠዪኝ ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ደግሞ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ አየኋት።

እሑድ
ቅላቱ ጠፍቷል። ስሸናም አያመኝም። ጋሽ ይመር እውነታቸውን ነው፣ ምንም የለብኝም። ምንም ሳይኖርብኝ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ።

ነገ ፈቃድ ጠይቄ ባምባሲ እሄዳለሁ። ምንም ወረቀት አልይዝም። ታናግረኝ እንደሆነ አላውቅም።