የጌትነትን ካርድ ያፈጠንሁበት ሳምንት

ማክሰኞ

እንደገና ተመለሰ። ይኸው ሦስተኛው ነው። ጌትነት ኮምፒውተሩን አቅፎ ከባጃጅ ወረደና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "እትዬ ስንዱ፣ አሁንም ፊልሙን ሲያወጣ መሃል ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ!"

የሠርግ ፊልም ሠሪ ነው፤ ካርዱንም የገዛው ከእኔ ሱቅ ነው። እሑድ ሐሙሲት ከተማ ቅልቅል አለ፤ ፊልሙ በሁለቱ ቤተሰብ ፊት መታየት አለበት። ካልደረሰ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለተኛ ሠርግ የሚሰጠው የለም። እኔስ? "ፊልም ቶሎ እንዲያወጣልህ ግራፊክስ ካርዱን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ላስኬድልህ እችላለሁ፣ ምንም አይሆንም" ያልሁት እኔው ነኝ።

ረቡዕ

ከዜሮ ጀመርሁ። ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መልሼ፣ በሃያ አምስት ሃያ አምስት ሜጋኸርዝ እየጨመርሁ፣ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት መፈተኛ ፕሮግራም አስሮጥሁበት። ቮልቴጁን አልነካሁም፤ ካርድ የሚገድለው እሱ ነው።

ሃምሳ፦ ሰላም።
መቶ፦ ሰላም።
መቶ ሃያ አምስት፦ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ።

ወደ ሰባ አምስት ወረድሁ። የካርዱ ሙቀት ስድሳ ስምንት ዲግሪ። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ሙሉ ሠራ፤ ንቅንቅ አላለም። መብራት አንዴ ሄደ፣ ዩፒኤሱ በባትሪው ያዘው። ደስ ብሎኝ ዘጋሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ወሰደው። ሰባት ሰዓት ላይ ደወለ።

"ድርግም!"

"ስንት ደቂቃ ሠራ?"

"ሃያ።"

እኔ ጋ አራት ሰዓት፣ እሱ ጋ ሃያ ደቂቃ! ሆነ ብሎ የሚያጠፋው መሰለኝ። ወደ ሃምሳ አውርደው አልሁት። አወረደ። ድርግም። ሃያ አምስት። ድርግም። "እትዬ፣ የሸጥሽልኝ ካርድ ነው ወይስ ፊውዝ?" አለኝ። ደህና ዋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ

ሱቁን ዘግቼ ቤቱ ሄድሁ። ቆርቆሮ ጣራ፣ አንዲት መስኮት። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ጀርባው ሳይቀር፣ ዳንቴል ለብሷል።

"ይኼን ማን አለበሰው?"

እናቱ እማማ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጡ። "እኔ ነኝ ልጄ፣ አቧራ እንዳይገባበት። ቴሌቪዥኑንስ አልብሼው የለ?"

"እማማ፣ ይኼ ይተነፍሳል።"

"ምኑ?"

ማስረዳቱን ተውሁት። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ እጃቸውን ከጀርባው በሚወጣው አየር ፊት ያዝሁላቸው። "ውይ! አተኩሶታል!" ብለው ራሳቸው ገፈፉት።

ሙቀቱ ከዘጠና ሁለት ወደ ሰባ ዘጠኝ ወረደ። ስድሳ ስምንት ግን አልሆነም። በራሴ የተናደድሁት እዚህ ላይ ነው። እኔ የፈተንሁት የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቼ፣ የጣና ነፋስ በሚገባበት በር ሥር ነው። በሱቄ ነፋስ ፈትኜ ለቆርቆሮ ቤት ዋስ ሆንሁ። ሌላ ነጋዴ ቢሠራው ሳምንት እስቅበት ነበር።

ቅዳሜ

ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መለስሁ። ጌትነት ፊቱ ጠቆረ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት?"

"ነገ የምታሳያቸው ፍጥነት ነው ወይስ ፊልም?"

 ክዳኑ ዝግ፣ ማራገቢያው ከፍ ብሎ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊልሙን ማውጣት ጀመርን። ስድስት ሰዓት ላይ ግማሽ። ስምንት ሰዓት ላይ ጣራው ሲግል ሰማንያ አንድ ዲግሪ። እማማ ጥሩነሽ በሰፌድ ሊያራግቡለት መጡ፤ ሳቄን ዋጥሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። አንድ ነጠብጣብ የለም።

እሑድ

ስልኬን ሳይ ዋልሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ፤ ከኋላው ከበሮና እልልታ።

"እትዬ፣ የሙሽራዋ አባት አለቀሱ!"

ተመስገን። ምሳ እንዳልበላሁ ያኔ ትዝ አለኝ። እሱ ግን ወዲያው፣ "ነገ የጨመርሽውን ፍጥነት ትመልሺልኛለሽ?"

"እመልሳለሁ። እቤትህ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ጣራው በሚግልበት ሰዓት። በየደረጃው ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለህ ሙቀቱን ትጽፋለህ።"

"በየደረጃው?"

"በየደረጃው።"



"እንዲሁ ይቆይ" አለ።