አንድ ሜትር ላይ የማይቆመው ማሽን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠዋቱን ሙሉ ወንድም ጋሼ የእንጨት ሥራ ቤት ነበርኩ። ያመጣሁለትን መብሻ ማሽን በራሴ ፕሮግራም ሞከርን። በየሩብ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ሜትር ሲሞላ ቀጥ። ምንም እንከን የለው። ወንድም ጋሼ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳበሰ... ወዶታል ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ጉድ ሆንኩ። የታዘዘው መደርደሪያ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ይበሳል። 0.25ን በ0.1 ቀየርኩ፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። አንድ ሜትር ደረሰ... አለፈ! ጣውላውን ጨርሶ ጠረጴዛውን ይበሳል። ሶኬቱን ነቅዬ ነው ያስቆምኩት።
«ይቺ ናት ትምህርትሽ?» አለ ወንድም ጋሼ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደመጣበት መልሺው። እጄ አለልኝ።»
የቱ እጁ? ትከሻው ከታመመ ሁለት ዓመቱ። ሐኪሙ ድሪል እንዳይዝ ከልክሎታል። ማሽኑን ያመጣሁት ለምን ሆነና!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
አገኘሁት አገኘሁት! ማሽኑ የደረሰበትን ቁጥር በየዙሩ ስክሪን ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። አሥረኛው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? 0.9999999999999999። «ልክ አንድ ሲሆን ቁም» ብዬዋለሁ፤ አንድ ሆኖ አያውቅም። ታዲያ ለምን ይቁም? ምስኪን፣ ቃሌን ነው ያከበረው። ብቻዬን ሳቅኩ።
ኮምፒውተር ሁሉን ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ነው የሚይዘው። ሩብ ልክ ይገባለታል። አንድ አሥረኛ ግን... እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ነው። ትንሽ ይዛነፋል፣ በየዙሩ ይጠራቀማል።
«አንድ ሲሆን ወይም ሲያልፍ» ብለውስ? እሱም አይሆን። አሥረኛው ላይ ገና አልሞላም ብሎ አንድ ቀዳዳ ይጨምራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ወንድም ጋሼ ጣውላ ላይ በእርሳስ ምልክት ሲያደርግ አየሁት። ሜትሩን ከጫፍ አንዴ ዘርግቶ አሥሩንም ከዚያው ያነባል።
«ከምልክት ምልክት ለምን አትለካም?»
«አብደሻል? የእርሳሱ ውፍረትስ? አሥር ጊዜ ሲደመር መደርደሪያው ይዘማል። ሁሌም ከጫፍ ነው።»
ዘልዬ አቀፍኩት። «ኧረ ትከሻዬን!»
ይኸው ነው! 0.1 እየደመረ አይሂድ። ቀዳዳውን በሙሉ ቁጥር ይቁጠር፤ አንድ፣ ሁለት... ርቀቱን ሁሌ ከጫፍ ያስላ፣ ቁጥሩን ለአሥር አካፍሎ። አሥር ሲሞላ ይቁም። ሁለት መስመር ኮድ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ሃያ አራት ጣውላ፣ አንድም አልሳተ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አጠገቡ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነው ያየው። አራተኛው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሥራ ሰዓት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ደስታዬን የት ላድርገው?
የሆነ ነገር ልነግረው ዞር ስል... ማሽኑ እየጮኸ፣ ወንድም ጋሼ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀስኩትም።