አምስተኛው ምልክት

ጥር 14
የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ የሚጮኸውን ደወል የኤሌክትሪክ ስዕል ለኮምፒውተር ሙከራ ሳዘጋጅ ዋልኩ። ደወሉን የምታዘው ቺፕ አንድ ናት፤ ስዕሉ ላይ ግን በአምስት ምልክት ተበትናለች። አራቱ ሥራዋ፣ አምስተኛው መብራት የምታገኝበት። ፕሮግራሙ አምስተኛውን አልቀበልም ይላል።

እህቴ የሺ ደወለች። ጋፋት ማዶ ጤና ኬላው ላይ ብቻዋን ናት።
"ወንድማለም፣ ወገቤ አላራመደኝም። ወንዛዬ ፍልውሃ ልግባ ብል ማቀዝቀዣውን ለማን ልተወው? ደወላችሁ መቼ ነው?"
በቅርቡ አልኳት።

ጥር 16
የማስተምርበት ኮሌጅ የክፍል ኃላፊያችን ጋሼ በላይነህ መጡ።
"አምስተኛውን አውጣው። መብራትማ ያለ ነገር ነው።"
"እዚህ አገር፣ ጋሼ?"
ሳቁ። "አንተ ደግሞ! ኮምፒውተሩ ውስጥ መብራት አይጠፋም።"
አወጣሁት። ለአራቱ ሥራቸውን የሚያስመስል ቀላል ሞዴል ሰጠሁ። ስህተቱ ጠፋ፤ ደወሉ ስክሪኑ ላይ ጮኸ።

ጥር 17
ጋሼ በላይነህ ለወረዳው "ተፈትኖ አልፏል" ብለዋል። ለደወሉ ምረቃ በግ ተገዛ።

ጥር 20
ደስ አላለኝም... ስዕሉ ላይ ባትሪውን ነቅዬ ሞከርኩት። ደወሉ ይጮኻል! ያለ ባትሪ፣ ያለ ምንም። ምኑን ነው የፈተንኩት?

አምስተኛውን መለስኩ። ሞዴሉን መብራት በሚፈልግ ቀይሬ የቺፗን እግሮች አንድ በአንድ አያያዝኩ። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲደክም ደወሉ ዝም አለ። ማቀዝቀዣው የሚሞቀውም ያኔ ነው።

ጥር 21
ለጋሼ በላይነህ አሳየኋቸው።
"ለማን ነገርክ?"
"ለማንም።"
"ከምረቃው በኋላ እናስተካክለዋለን።"
"እስከዚያ ክትባቱ ቢበላሽስ?"
"እስከ ዛሬ ጤና ኬላዎቹ ያለ ደወል አልኖሩም?"
"ኖረዋል። ግን ማቀዝቀዣውን ይጠብቁ ነበር። ደወል አለ ካልናቸው ማን ይጠብቃል?"
"በጉ ተገዝቷል እኮ ሰውዬ!"

ጥር 23
ወረዳው ዘንድ እኔው ሄጄ ነገርኩ። ምረቃው ቀረ። በጉን ግን የክፍላችን ሰዎች በሉት፤ እኔን የጠራኝ የለም። ጋሼ በላይነህ ሰላምታዬን አልመለሱም። ከደወሉ ሥራም አስወጡኝ።

ለየሺ ነገርኳት።
"እና ወገቤስ?"
የዓመት ፈቃዴ ስንት ቀን እንደቀረኝ ቆጠርኩ።

የካቲት 2
የዓመት ፈቃድ ወስጄ ጤና ኬላው መጣሁ። የሺ በጠዋት የሐሙሲት መኪና ይዛ ወደ ወንዛዬ ወረደች። ከመሄዷ በፊት ክትባቱ ወደ በረዶ ሳጥኑ እንዴት እንደሚዛወር ሁለት ጊዜ አሠራችኝ። "አስተማሪ ነኝ ብለህ እንዳትንቀው" አለች።

ማቀዝቀዣው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ምንም የጮኸ ነገር የለም። ተነሳሁ።