ጎርፉን ቁጭ ብዬ ያየሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ቁልፉን ሰጠኋት፣ ተገላገልኩ። ስልኬን አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ሳጥኑን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ለአከራዬ ለእትዬ ዘሀራ ሰጥቼ «ፍልሰታ እስኪፈታ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ወላሂ አልሰጥሽም! ግን አንቺ ሦስት ቀንም አትቆዪም» አለች። እናያለን።

ጾሙ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። አራቱን ቀን ከሥጋ ጾሜ ሰው ስበላ ነው የከረምኩት። ኮሜንት ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ስሰዳደብ ሹሮው ሁለቴ አረረብኝ። ቅዳሴ አንድም ቀን አልሄድኩም። የሚያናድደው ደግሞ ይህን ሐሳብ ያገኘሁትም ከዚያው ከስልኩ ነው። አንድ ጢሙን ያሳመረ ልጅ «ስልክህን ጣል፣ ወደ ተፈጥሮ ውጣ፣ እግዚአብሔር እዚያ ይጠብቅሃል» ሲል አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ላይክም አደረግሁለት። እሱ ራሱ ግን አልጣለም፣ ዛሬ ጠዋትም ሌላ ቪዲዮ ለቋል።

ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የማርመው ፈተና የለኝም፣ ሰበብ የለኝም። ነገ ከቆቦ ወጥቼ ወደ ማርያም እሄዳለሁ። ወንዙ ከተራራው ወጥቶ ሜዳውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ያለችው፣ ከአባዬ ቀበሌ በላይ። ሱባዔ የሚገቡ ሴቶች የሚያድሩባት ጎጆ አለች።

የምይዘው፦ በሶ፣ ሽምብራ ቆሎ፣ ጋቢ፣ ውዳሴ ማርያም፣ ይህ ደብተር።

ለወንድሜ ለአያ ሞላ አልነገርኩትም። ባጃጁ ላይ ቁጭ ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ ሊያወራብኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሥሩ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር አልመጣም። ጉንዳን መጣ።

እጄ ራሱን ችሎ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ቆጠርኩት፣ እስከ እኩለ ቀን ሃያ ስድስት ጊዜ። ከዚያ መቁጠሩም ራሱ አናደደኝና ተውኩት።

በጦርነቱ ጊዜ ኔትወርክ ተቋርጦ ስንት ወር ቁጭ ያልነው ትዝ አለኝ። ያኔ ስልክ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም፣ ተራራውና ሰማዩ ብቻ ነበር። ታዲያ እግዚአብሔርን አገኘሁት? ኧረ የት! ኔትወርክ ይመለስ ብዬ ነው ስእለት የተሳልኩት። ተመለሰ። ስእለቴን አላገባሁም፣ አሁን ትዝ አለኝ።

ከሾላው ሥር ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ የአባዬ ማሽላም ይታያል። ዘንድሮ ሜዳው ላይ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ከእኩለ ቀን በኋላ ጥቅልል ይላል። የሚያጠጣን ደጋው ላይ ዘንቦ በወንዙ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ገበሬው በተራ በተራ ወደ ቦዩ እየጠለፈ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። የአባዬ ተራ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ያ የሞላና የእሱ ጉዳይ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

መጣ! እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጠዋት ሰማዩ ጠራርቶ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ግን ከምዕራብ፣ ከደጋው ጫፍ፣ ጥቁር ደመና ተነሣ። መብረቁ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ጸሎቴን አቋርጬ እያየሁት ቀረሁ፤ እሱን ማየቱ ራሱ ጸሎት መሰለኝ። ስልኬ ቢኖር ፎቶ አንስቼ፣ ጥቅስ ጽፌበት፣ ማን ላይክ አደረገልኝ ስል ያመልጠኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መሬቱ አጉረመረመ። ከላይ ከገደሉ መታጠፊያ ውሃው ብቅ አለ፣ ቀይ ቡናማ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ። ደረቁ አሸዋ ባንድ አፍታ ጠፋ። የተደገፍኩት ሾላ ይንቀጠቀጣል። አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። «ተመስገን፣ አየሁህ፣ ተመስገን» እያልኩ ውሃው እስኪጎድል ቁጭ አልኩ።

ወደ ታች ሰዎች አካፋ ይዘው በቦዩ ዳር ሲሯሯጡ ከሩቅ አየሁ። ለእነሱም ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ትናንት የጻፍኩትን ገጽ ልቀደው ነበር። ይቅር፣ ይቀመጥ፣ ላፍርበት።

ሞላ ጠዋት ከቅዳሴ መውጫ ላይ ያዘኝ። ባጃጁን ዳገቱ ሥር ትቶ በእግሩ ነው የወጣው። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ። «ስልክሽ የት ነው?» አለ።

የትናንቱ ጎርፍ የእኛ ተራ ነበር።

ደጋ ያለው የአጎታችን ልጅ ደሳለኝ፣ ዝናቡ እንደጣለ ተራው ለደረሰ ቤት ይደውላል። ውሃው ሜዳው ድረስ ለመውረድ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በዚያ ውስጥ ሰው ተጠራርቶ የቦዩን አፍ ይከፍታል። ደሳለኝ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። ለእኔ። ሞላ ስልኩን ሰኔ ላይ ዋጃ ገበያ ሰርቀውት ቁጥር ስለቀየረ፣ አባዬ ተራውን በሚቆጣጠሩት በውሃ አባቱ ዘንድ ያስመዘገበው የእኔን ቁጥር ነው። የውሃ አባቱ ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ውሃ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ተራው የደረሰ ሰው ካልተገኘ፣ ተዘጋጅቶ ለተገኘ ነው። የማሳ ጎረቤታችን አያ ሲሳይ ከልጆቹ ጋር ተገኝቶ ነበር። ወሰደው። አካፋ ይዘው ሲሯሯጡ ያየኋቸው፣ ደስ ያሉኝ፣ እነሱ ናቸው።

«አባዬ ነግሮሽ የለም? እሺ ብለሽው የለም?» አለ ሞላ።

«አልነገረኝም! በዚች ማርያም አልነገረኝም!» ብዬ ማልኩ። በደጇ ቆሜ።

«እንግዲህ አንቺ እግዚአብሔርን ስትለምኚ እሱ ውሃውን ላከልሽ» አለኝ፣ «ቁጭ ብለሽ አየሽው።» ጥሎኝ ወረደ። እኔ በንዴት ነደድኩ፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

በእግሬ ወርጄ አባዬ ቤት ገባሁ። በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ከዓይኑ ይልቅ እጁ ነው አሁን የሚያይለት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

ለሞላ የተናገረውን ራሱ ሞላ ነው የነገረኝ። «ወርቄ እሺ ብላኛለች፤ እሺ ካለች ታደርገዋለች። አንድ ነገር ሆና ነው እንጂ» ብሎ ማታውን ስለ እኔ ሲጨነቅ ነበር አሉ። ስለ ማሽላው አይደለም። ስለ እኔ።

«መቼ ነው የነገርከኝ አባዬ?» አልኩት።

«ሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ እዚችው ደጃፍ ላይ። ዘንድሮ የቤታችን ጆሮ አንቺ ነሽ አልኩሽ። እሺ አባዬ አልሽኝ።»

ያን ዕለት ትዝ ይለኛል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ላይ፣ አንድ ሠርግ ላይ ኬኩ በሙሽራዋ ላይ ሲደፋ እያየሁ ነበር። ክሬሙ ጆሮዋ ውስጥ የገባባት ሙሽራ እስካሁን ፊቷ ይታየኛል። የአባዬ ድምፅ ግን ጨርሶ የለም። ዝም እንዲልልኝ ነው እሺ ያልኩት። በማርያም ደጅ የማልኩትም በሐሰት ነው፤ ሳላውቅ መሆኑ ምን ይጠቅመኛል?

ነገርኩት። «አባዬ፣ አልሰማሁህም ነበር። ሳልሰማህ ነው እሺ ያልኩህ።»

ገመዱን መግመዱን አላቆመም። ቆይቶ፣ «ለእግዚአብሔርም እንዲህ ነው እሺ የምትዪው?» አለኝ። ሊወጋኝ ብሎ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

ለአንተ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ ጌታዬ። ሾላው ሥር ተቀምጬ ስዘምርልህ የማን ተራ እንደሆነ አታውቅም ነበር? አንድ ሰው ልከህ «ተነሺ አንቺ ጅል» ማሰኘት አቃተህ? ለጉንዳኑ እንኳ አቅም ነበረህ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ቆቦ ሄጄ ስልኬን አመጣሁ። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ «ወላሂ ብያለሁ፣ አልሰጥም» አለች፣ የምቀልድ መስሏት። የሆነውን ስነግራት ቁልፉን አወጣች። «አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አሥር ጊዜ ወላሂ ብልም ማሽላ አላደርቅም» አለች።

ስልኩ ሲከፈት እንደ ንብ ተንጫጫ። የደሳለኝ ጥሪ አሥራ አንድ። ሌላው ሁሉ የኮሜንቱ ጸብ ነው። አንዱ «ምነው፣ መልስ አጣሽ?» ብሎኛል። አዎ፣ አጣሁ። ምንም ሳልጽፍለት ዘጋሁት።

የውሃ አባቱ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። «ሕጉ በአንቺ አልተጀመረም ልጄ» አሉኝ። «ከሰልፉ መጨረሻ ናችሁ። ከፊታችሁ አምስት ቤት አለ።» አምስት ቤት ማለት አምስት ጎርፍ ነው። ከአሁን እስከ መስከረም አምስት ጎርፍ ይመጣል ብሎ የሚያስብ እብድ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ተራ የእትዬ ጦይባ ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ ትልቁ ልጇ አረብ አገር የሄደባት።

ሞላ አንድ መላ አለው። በየቀኑ አካፋ ይዘን ቦዩ አፍ ላይ እንጠብቃለን። ባለተራው ካልመጣ ውሃው ለተዘጋጀው ነው፤ አያ ሲሳይ እንዳደረገው። ደሳለኝንም «ለማንም ስትደውል ለእኛም ደውልልን» ብለን ለመንነው።

ማታ ጸለይኩ። በሾላው ሥር ካልኩት ሁሉ ይልቅ ከልቤ ነበር። ጸሎቱም የእትዬ ጦይባ ስልክ እንዳይሠራ ነው። ጻፍኩት፣ ይኸው።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ጎርፍ ሰንበት አያውቅም። ሰባት ሰዓት ላይ ደሳለኝ ደወለ። «ጥሏል፣ ከባድ ነው። የእነ ጦይባ ግን ዝግ ነው ይላል፤ እዚያ መብራት የለም እንዴ?» አለኝ።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። የእኔን ስልክ ሞላ በባጃጁ ባትሪ ነው የሞላው። ጸሎቴ ተሰማ፣ እልል በሉ!

ቦዩ አፍ ላይ እኔ፣ ሞላና ሁለት ጎረቤቶች ነበርን። የውሃ አባቱ ውሃውን በሚጠልፈው ክትር ላይ ተቀምጠው ወደ ተራራው ያያሉ። የእትዬ ጦይባ ቤት ከማሳዎቹ ማዶ ይታያል፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ማንም ወደ ውጭ አልወጣም። በፊት በፊት ዝናብ ሲጥል ሰው ከኮረብታ ኮረብታ እየተጣራ ነበር የሚነጋገረው፣ አባዬ ነው ያወራኝ። ስልክ ሲመጣ መጣራቱ ቀረ።

«ልጠራት?» አልኩ።

«ዝም በይ» አለ ሞላ። «ለእኛ ማን ጮኸልን?»

እውነቱን ነው። ማንም አልጮኸልንም። ዝም አልኩ። ቆይቶ ሩቅ መጉረምረሙ ተሰማ፣ ያ የረቡዕ ዕለት ያስለቀሰኝ ድምፅ። የአባዬን ማሽላ አየሁት፣ ቅጠሉ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል። ዝም ባልኩ ቁጥር ውሃው ይቀርባል። ስንት ደቂቃ ዝም እንዳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ አልጽፈውም።

ከዚያ ክትሩ ላይ ወጣሁ። ለጽድቅ አይደለም፣ ጽድቅ ትዝም አላለኝ። ረቡዕ ዕለት ተቀምጬ ነበር፣ ዛሬም ተቀምጬ ላየው ስላልቻልኩ ነው። ሰባ ተማሪ ጸጥ ባሰኘሁበት ድምፅ ጮህኩ። «እትዬ ጦይባ! ጎርፍ! ተራሽ ነው! ውጪ!» ሦስቴ፣ አራቴ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

በሩ ተከፈተ። እሷና ሴት ልጇ አካፋ ይዘው፣ ነጠላቸው እየወደቀ፣ በማሳው መካከል እየሮጡ መጡ። ከውሃው ትንሽ ቀደም ብለው ደረሱ። ጎረቤቶቹ አገዟት፣ እኔም አገዝኳት። ማሳዋ ጠገበ። «አላህ ይስጥሽ፣ አላህ ዘርሽን ያለምልመው» አለችኝ። የመረቀችኝ ልጅ እንድወልድ ነው፤ እኔ የታየኝ ማሽላው ነው። ቀና ብዬ አላየኋትም። ትናንት የጸለይኩትን ብታውቅ አካፋውን በራሴ ላይ ባሳረፈችው።

ሞላ አካፋውን ጥሎ ሄደ። እስካሁን አላናገረኝም።

ሲመሽ አባዬ ቤት ገባሁ። ጭቃ በጭቃ ነኝ፣ ድምፄ ጠፍቷል። እሱ እንደተለመደው ደጃፉ ላይ ነው።

«ማነው ሲጮህ የነበረው?» አለ።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«እዚህ ድረስ ተሰምቷል። ለእኛ ነው?»

«አይደለም። ለጦይባ ነው። የእኛ አልጠጣም።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ እጁን ከገመዱ ላይ አነሣ።

«እሺ» አለኝ።

ከፊታችን አራት ቤት ቀርቷል። ስልኩ አጠገቤ ነው፣ ክፍት ነው።