ስለ ደከመው እግርና ስላጠረው መጋረጃ

ለተከበሩ የዳገቱ ጋራዥ ኃላፊና ዋና መርማሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔም፣ አባቴም፣ የአባቴ አሮጌ ነጭ መኪናም ከእርስዎ እጅ ከወጣን ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ያለብዎትን የሥራ ብዛት አውቃለሁ። ቢሆንም እጅዎን ከሰው መኪና ላይ አንሥተው፣ አረፍ ብለው ይህችን ደብዳቤ ቢያነቡልኝ ለእርስዎም ለመኪናውም ዕረፍት ነው። በበርዎ ላይ በግልጽ የለጠፍኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገርን በሰው ፊት መናገር ከእርስዎ የተማርኩት ነውና።

ደንበኛዎ ብዙ ስለሆነ ካላስታወሱኝ፣ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ የሰፋሁትን በመኪናቸው ለየትምህርት ቤቱ የሚያደርሱልኝ ሰው ናቸው። መኪናዋን ወደ እርስዎ ያመጣናት ታማ አልነበረም፤ ዘይት ለማስቀየርና ለተለመደው ሰርቪስ ዳገቱን ሽቅብ እየበረረች ነው የመጣችው። ከእርስዎ ዘንድ ስትመለስ ግን ነዳጅ ሲሰጧት ቆም ብላ የምታስብ፣ ጥቁር ጭስ የምትተፋ፣ ዳገት ስታይ የምትለማመጥ ሆነች። ለዚህ ለውጥ ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መኪናዋ ደከመች ብለን በተመለስን ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው፣ ጆሮዎን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ማየት ራሱ ፈውስ ነበር። በመጀመሪያ ካንዴላው ነው አሉ፤ ካንዴላው ተቀየረ። ቀጥሎ ጥፋቱ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ከዚያም የፓምፑ ሆነ፤ እነሱም ተቀየሩ። መኪናዋ ብቻ አቋሟን አልቀየረችም።

፪. የመንገድ ሙከራዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ጋራዥዎ ያለው ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ እርስዎም ደንበኛውን ከዳገቱ ሥር ያስጠብቁና፣ የተጠገነችውን መኪና ቁልቁል ለቀው፣ ፊቱ አምጥተው ቀጥ ያደርጓታል። ‹‹አያችኋት? ትበራለች!›› ይላሉ። በእውነትም ትበራለች። በእንዲህ ያለ ፈተና የኔ የስፌት መኪናም ጎማ ቢገጠምላት ታልፍ ነበር።

፫. ሦስተኛውን ለጊዜው ልዝለለው፤ እጄ ገና አልጨከነም።

፬. ስለ መጠበቂያ ክፍልዎ። ሥራዬ ጨርቅ ነውና፣ የትም ብቀመጥ ዓይኔ ከጨርቅ አይነቀልም። መኪናዋን ለሰርቪስ ባስገባንበት ዕለት ሰማያዊው መጋረጃዎ፣ ያ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ወለል ይነካ ነበር። መኪናዋን ልንረከብ ስንመጣ ከግርጌው ተቀድዶ ጉልበት ላይ ደርሷል። ሠራተኞችዎ የሞተሩ አካል ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ አቧራና ብሎን እንዳይገባበት፣ አፉን በጨርቅ እንደሚደፍኑት አይቻለሁ። ጨርቁም ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጠባዎን አደነቅሁ፤ ብልህ ሰው ናቸው ብዬም ለአባቴ ነገርኳቸው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ለመጨረሻ ጊዜ በመጣን ዕለት፣ ደንበኛና ሠራተኛ በተሰበሰበበት፣ እጅዎን አባቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ ‹‹አባባ፣ መኪናዋስ ምንም የላት፤ የደከመው የእርስዎ እግር ነው። ከእንግዲህ ለልጅ ቢለቁላት አይሻልም?›› አሉ። ሰዉ ሳቀ። አባቴም አብረው ሳቁ። ቤት ስንደርስ ግን ቁልፉን ስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጠው፣ በይ አንቺው ንጂ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አሥረው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን የላቸውም። በዚህ ተናድጃለሁ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

እንደታዘዝኩት ነዳሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድም ያው የእርስዎ ዳገት ነው። መኪናዋ በኔ ወጣት እግርም ያው እየተንፏቀቀች ሄደች፤ መሃል ላይ ስንደርስ ጋሪ የሚገፋ ሰው አንገቱን በትሕትና ደፍቶ ቀደመን። የእግር ድካም ከአባት ወደ ልጅ እንዲህ ቶሎ እንደማይወረስ ያን ጊዜ ታየኝ። ጥግ ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ስለ ሞተር የማውቀው የለም፤ ነገር ግን ከአየር ማጣሪያው ክዳን ጠርዝ ሥር ቢጫ አበባ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ጫፉ ብቅ ብሎ ነበር። ክዳኑን ፈትቼ ብስበው የመጋረጃዎ ግርጌ ሆኖ ወጣ። ሞተሩ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ላይ ተወትፎ ነው የከረመው። እርስዎ ጆሮዎን አዘንብለው ያዳመጡት ከዚያ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ምስኪኗ መኪና ትንፋሽ አጥታ ሳለ እኛ ካንዴላ እንቀይርላት ነበር። ጨርቁ እንደወጣ ዳገቱን እንደ ድሮዋ ወጣችው።

አባቴ ጨርቁን አገላብጠው አይተው ሳቁ። ቁልፉን ስሰጣቸው ግን፣ ‹‹ቢሆንም ልጄ፣ እግሬም ትንሽ ሳይደክም አልቀረም›› ብለው መልሰው አስቀመጡት። ጨርቁን ከመኪናዋ በአንድ እጄ አወጣሁት፤ የእርስዎን ቃል ከአባቴ ማውጣት ግን አቅቶኛል።

ስለዚህ ካሣ አልጠይቅም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ዕለት በሳቁት ሰዎች ፊት፣ እጅዎን በዚያው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ እግራቸው ደህና እንደሆነ ይንገሯቸው። በዚያ ዕለት የተናገሩበትን ድምፅ ይጠቀሙ። ዝቅ ካደረጉት አባቴ ደግሞ ጆሯቸው የደከመ ይመስላቸዋል።

ሞተሩን በጆሮ፣ ሽማግሌውን በዓይን መርምሮ ፍርድ ለሚሰጠው ሙያዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ደንበኛዎ የነበረችው ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ጨርቁን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ ከዚህ ደብዳቤ ሥር አንጠልጥየዋለሁ። በዓይኔ እንደለካሁት ግን፣ ከመጋረጃዎ የጎደለው እንዲህ ያለ ሌላ ሦስት ያወጣል። እግራችሁ ደክሟል ተብለው ቤት የዋሉ ሌሎች አባቶች ካሉ አድራሻቸውን ይላኩልኝ፤ እኔ ሄጄ ኮፈኑን እከፍትላቸዋለሁ።