በበርሜል ልክ የተሰፋው ኮት

ለእትዬ፣ ለእህቴም ለጠበቃዬም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ አሁንም ምላስሽን ነክሰሽ አንድ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ደረጃ በወጣች ቁጥር አሁንም በእኔ ታሳብባለች ወይስ ተራው ለትንሿ እህታችን ደረሳት? አባዬስ ሳሉ ተወው? ጤናችሁን፣ እንቅልፋችሁን፣ ሳቃችሁን ሳይቀር እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ «እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ዛሬ ግን ከናፍቆታችሁ በቀር ሌላም ስላለብኝ ያቺን መስመር ዘልያታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ራሴን ስለማውቀው ነው። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ሳያስፈቅደኝ ቀልድ ይጀምራል፤ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም በሳቅሽ ተከልዬ አመልጣለሁ። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አባዬ «ምን ይላል?» ካለሽ «ካልሲ አለቀብኝ ነው የሚለው» በይው፤ መቼም ያምናል።

እትዬ፣ ኮቱ ልኬ አይደለም።

አባዬ «የምረቃ ኮትህን ልጀምር፤ ተለክተህ ልክህን ላክልኝ» ብሎ የደወለ ዕለት ሜትር ተበድሬ ደረቴንና ወገቤን ለካሁ። አምና እሱ ራሱ ከለካኝ ጋር ሳስተያየው የታናሽ ወንድሜ ልክ መሰለኝ፤ ታናሽ ወንድም ደግሞ የለንም። አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነ ልጅ መክሳቱን በምን ይደብቃል? «ምን ሆነህ ነው?» ማለቱ እንደማይቀር ሳስብ ፈራሁ። ስለዚህ አብሮኝ የሚያድረውን፣ እኛ በርሜል የምንለውን ልጅ፣ «እስቲ ቀጥ በል፤ ሆድህን አታስገባ» ብዬ እሱን ለክቼ ላክሁ። አባዬ በደስታ ሰከረ። «ጎሽ! ትምህርቱ ተስማምቶታል፤ ቦርጭ ሁሉ አውጥቷል!» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ማውራቱን አንቺው ነግረሽኛል።

ኮቱ መጣ። ገበሩን በእጅሽ የሰፋሽው አንቺ መሆንሽን ከስፌቱ አወቅኩ። ስለብሰው ሁለት እንግዳ አብሮኝ ማደር ይችላል። በርሜል ትርፉን ከጀርባዬ ሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫ ያዘልኝና ፎቶ አነሳኝ፤ የላክሁላችሁ እሱን ነው። የዚያን ዕለት ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ኋላ ግን አባዬ ፎቶውን መስታወቱ አጠገብ ሰቅሎ ለገባ ለወጣው «ትከሻው ላይ እንዴት እንዳረፈ እዩልኝ፤ እጄ አላረጀም» እንደሚል ስትነግሪኝ መሳቄን ተውኩ። ሰውዬው የሚኮራው በእጁ ነበር፤ እኔ በመቆንጠጫ አስኮራሁት።

ለምን ከሳህ ትያለሽ። ክፍል ገብቼ መማር ካቆምኩ ቆየሁ። ስንፍና እንዳይመስልሽ። ስንፍናንማ አውቃታለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው፤ እሷ ደስ ትላለች። ይሄኛው ደስ አይልም። ጠዋት እግሬን ከአልጋ ማውረድ የሰው ቁም ሳጥን ተሸክሞ ፎቅ እንደ መውጣት ይሆንብኛል። ምግቡ አፈር አፈር ይለኛል። መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛውን ሙሉ አስቃለሁ፤ የክፍላችን በር ሲዘጋ ፊቴ ወርዶ ይቀመጣል። የነቃብኝ በርሜል ነው። «አንተ፣ ቀልድህ ራሱ ሳይታጠብ ሰነበተ፤ ተነስ!» ብሎ ጫማዬን በግድ አጥልቆልኝ የተማሪዎች አማካሪዋ ዘንድ ወሰደኝ።

ሴትየዋ «ይሄ ድባቴ ነው» ስትለኝ፣ «የጨርቅ ስም ነው? ሜትሩ ስንት ነው?» አልኳት። አልሳቀችም። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ቀልጄ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ አለቀስኩ። አንቺ አሁን የምትፈሪውንም ጠየቀችኝ። ራሴን ላጥፋ ብዬ አላሰብኩም፤ የምመኘው መተኛት ብቻ ነው፤ ለሷም ለአንቺም እውነቴን ነው። ሐኪም አይቶኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። አፍ ያደርቃል፤ ለኔ ዓይነቱ ለፍላፊ ጥሩ ቅጣት ነው። ትምህርቱንም እስካገግም ድረስ ላቋርጥ ተስማምቼ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ አልመረቅም።

«ምን ጎደለህ?» እንዳትይኝ። ምንም አልጎደለኝም፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። አንቺ ደብተርሽን አስቀምጠሽ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥሽ ጊዜ «የኔንም ትምህርት አንተ ተማርልኝ» ብለሽኝ ነበር። ቀልደሽ ይሆናል፤ ቀልድ የኔ ብቻ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ፈተና በወደቅኩ ቁጥር ሁለት ሰው የወደቀ ይመስለኛል። አባዬ «ኢንጂነሩ» ብሎ ሲጠራኝ ደግሞ ሦስት። ክፋት የለባችሁም፣ ፍቅር ነው፤ ግን ከበደኝ። ይኸው ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ ደግሞ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ እየሰፋችሁ እኔ ተኝቼ ከበደኝ ማለቴ አሳፈረኝ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ለአባዬ አንቺ እንዳትነግሪው። ዕድሜ ልኬን እኔ ሳጠፋ አባዬ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ። የጎረቤት ዶሮ ቀለም የቀባሁ ጊዜ እንኳ «እኔ ነኝ» ብለሽ ቁጣውን ተቀብለሽልኛል። አሁን ግን ዞር በይልኝ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በኋላ በሚመጣው እሁድ፣ ሱቁ ዝግ ስለሆነ፣ እደውልለታለሁ። አጠገቡ ሁኚ። ሲስቅ ከሰማሽው ፈርቼ ወደ ቀልድ ሸሽቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ስልኩን ተቀበይውና «ጨርስ» በይኝ። ዝም ካለ ግን አትንኪው፤ እየነገርኩት ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እየበላ ነው በያት፤ ከትናንት ወዲህ እውነት ነው። የትንሿን ፀጉር ጎተት አድርጊልኝ፤ የሒሳብ ውጤቷንም ለጥቂት ጊዜ ማንም አይጠይቃት። ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ሰላም በይልኝ፤ «ምረቃው መቼ ነው?» ካለሽ ሳቅ ብለሽ እለፊው። ለራስሽ ያለኝ ሰላምታ ብዙ ነው፤ ይቅርታም አለበት።

ለአባዬ ሰላምታ አልላክሁም። የሱን እኔው በአፌ አደርሰዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኮሌጁ መኝታ ቤት፣ ከላይኛው አልጋ
ግንቦት 9 ቀን